ስም አልጠራሁም

(ኮልፌ፣ በደርግ ጊዜ። የዩኒቨርሲቲ መምህሩ አምሐ የማታ ተማሪዎቹን ፈተና አርሞ ጨርሶ በሚኖርበት የቀበሌ ቤት ደጃፍ ተቀምጧል። የተማሪዋ የጥሩብርሃን አባት፣ ጎረቤቱ ጋሽ ገብረአምላክ፣ ፊቱ ቆመዋል።)

ገብረአምላክ፦ እንግዲህ አልፋለች በለኛ።

አምሐ፦ አልልም።

ገብረአምላክ፦ ወድቃለች?

አምሐ፦ እሱንም አልልም። ጋሼ፣ ሳይለጠፍ የተማሪ ውጤት ምስጢር ነው። ለአባትም፣ ለእናትም፣ ለነፍስ አባትም አይነገርም።

ገብረአምላክ፦ ለነፍስ አባቷ ንገር ያለህ ማን ነው?

አምሐ፦ ምሳሌ ነው። ከክፍሉ አንድ ሰው ብቻ ወድቋል። ከዚህ በላይ ቢገድሉኝ አልተነፍስም።

ገብረአምላክ፦ (ይቀመጣሉ) ተመስገን። ወንድ ነው።

አምሐ፦ ማን ወንድ አለ?

ገብረአምላክ፦ አንተ ነሃ። ወድቋል አልክ። የኔ ልጅ ብትሆን ወድቃለች ትል ነበር።

አምሐ፦ ወድቋል ያልኩት «ሰው» ስላልኩ ነው። ሰው ሴትም ይሆናል።

ገብረአምላክ፦ (ይነሳሉ) ወየው ልጄን።

አምሐ፦ እሷ ናት አላልኩም።

ገብረአምላክ፦ አይደለችም?

አምሐ፦ አይደለችም ካልኩማ ነገርኩዎት ማለት ነው።

ገብረአምላክ፦ እኔ አልገባኝም። ወይ ወንድ በል፣ ወይ ሴት በል።

አምሐ፦ (እንደሚያስተምር) ያማርኛ ችግሩ ይሄ ነው፤ ግሱ ያሳብቃል። ግን ዘዴ አለው። አንቱታ ወንድና ሴት አይለይም። አንድ ተማሪ ወድቀዋል። ይኸው፣ አሁን ይለዩት እስቲ።

ገብረአምላክ፦ ወድቀዋል?

አምሐ፦ ወድቀዋል።

ገብረአምላክ፦ ክፍልህ ውስጥ አንቱ የምትለው ተማሪም አለ?

አምሐ፦ አንድ ብቻ። የቀበሌያችን ሊቀመን…

ገብረአምላክ፦ አፍ ሲከዳ ከሎሌ ይብሳል። ሊቀመንበሩ ጓድ ጉልላት ናቸዋ።

አምሐ፦ እኔ ስም አልጠራሁም።

ገብረአምላክ፦ አልጠራህም። ይህን ቤት የሰጡህ እሳቸው አይደሉ?

አምሐ፦ ናቸው። ነገ ሊያስለቅቁኝም ይችላሉ። ጋሼ፣ እውነቴን ነው፣ ፈርቻለሁ። በማርያም ይዤዎታለሁ፣ ለሰው እንዳይነግሩብኝ።

ገብረአምላክ፦ ለሌላ ሰውማ ምን ሲደረግ።

አምሐ፦ ለሌላ ሲሉ?

ገብረአምላክ፦ የላኩኝ ጓድ ጉልላት ናቸው። «መምህሩ ምስጢረኛ ነው፣ ለእኔ አይነግረኝም፤ አንተ የልጅህን እየጠየቅህ የኔን አውጣጣው» ብለውኝ።

አምሐ፦ ታዲያ አሁን ምን ሊሏቸው ነው?

ገብረአምላክ፦ እውነቱን ነዋ። ጨዋ ሰው ነው፣ ስምዎን እንኳ አልጠራም፤ የጣለዎትም አንቱ ብሎ ነው እላቸዋለሁ።