በዋንዛ እንጨት የተቀረጸ ሐሜት

ሐሜት መቼም የሌለበት አገር የለም። እናንተም ብትሆኑ ጎረቤት ሳታነሱ አትውሉም፤ እኔንም ጨምሩኝ። የአፍ ሐሜት ግን ቢጠየቁ ይካዳል፣ ሲሰነብት ይረሳል። በእንጨት ተቀርጾ፣ በቀለም ታትሞ ገበያ የወጣ ሐሜት ያየሁት አንድ ጊዜ ብቻ ነው፤ በጣሊያን ጊዜ፣ እዚሁ ሸዋ ሮቢት። ለዚያውም የወጣው ከገዛ ጓሮዬ ነው።

ባለሙያው ጋሼ ወልዴ ነው። አዲስ አበባ ማተሚያ ቤት ውስጥ ሥዕል በእንጨት እየቀረጸ ያትም ነበር። ጣሊያን ሲገባ ወራሪውን የሚያሳጣ ሥዕል አተመ። ባልደረቦቹ ሲያዙበት ሸሽቶ በደብረ ሲና ቁልቁል ወደ እኛ ቆላ ወረደ። ባለቤቴ ይማም ሙቀት ጥሎት መንገድ ዳር አገኘውና ቤት አመጣው። በዚያው ጣሊያን እስኪወጣ እኛው ዘንድ ኖረ። እሱ የእኛን ሥጋ አይበላ፣ እኛ የእሱን አንበላ። ሽሮ አስማማን።

ያኔ ጣሊያኖች የሾሙት ሹም የመስኖውን ውሃ ጠልፎ ወደ ራሱ ሽንኩርት መለሰው። ከእሱ በታች ያለነው ማሽላችን ዓይናችን እያየ ይደርቅ ጀመር። ሽማግሌ ብንልክበት ሽማግሌዎቹን አስገረፋቸው። ይማም ጠመንጃውን ሲያነሳ ጋሼ ወልዴ ክንዱን ያዘው።

"ቆይ፣ መጀመሪያ እኔ ልሞክር። እኔ ብሞት የሚደርቅ ማሽላ የለኝም" አለው።

ከጓሮ የዋንዛ ቁራጭ አንስቶ በሰንጢ ይፈለፍል ገባ። ጥቀርሻ በሰሊጥ ዘይት ለውሶ ቀለም አደረገው። ወረቀቱ የጣሊያን መንገድ ሠሪዎች የጣሉት የሲሚንቶ ከረጢት ነው፤ ማተሚያው ደግሞ ወረቀቱን ከላይ የሚያሽበት የእኔ የእንጨት ማንኪያ። ሥዕሉ ላይ አንድ ቦርጫም ሰው ወንዙ ዳር በደረቱ ተኝቶ ውሃውን ይምገዋል፤ ከበታቹ ሴቶች ባዶ እንስራ ይዘው ቆመዋል። ስም የለው፣ ጽሑፍ የለው። ቦርጩን ግን በአካባቢው የማያውቅ አልነበረም።

በገበያ ቀን እኔና ጎረቤቶቼ ሥዕሎቹን በዱቄት ቅርጫት ደብቀን ወጣን። ወላሂ፣ መንገዱን ሁሉ ዱዓ እያደረግኩ ነው የሄድኩት። ገበያው ሳይሞቅ ሥዕሉ ከእጅ ወደ እጅ ዞረ፤ ሰዉ አፉን በእጁ ይዞ ይስቃል። ሹሙ አንዱን ነጥቆ ወደ ጣሊያኑ መኮንን ሄደና የሠራው ሰው ይሰቀል ሲል አመለከተ። መኮንኑ ሥዕሉን አገላብጦ አየና በአስተርጓሚው ጠየቀው።

"ይህ ሰው ማን ነው?"

ገበያው አንገቱን አሰገገ። መኮንኑ ለመንገድ ሠራተኞቹ ማሽላ አጥቶ ሲቆጣ ነው የሰነበተው። ሹሙ "እኔ ነኝ" ቢል ማሽላውን ማን እንዳደረቀው ማመኑ ነው። "አይደለሁም" ቢል ደግሞ ምን አናደደው?

"አላውቀውም" አለ ሹሙ፣ ላቡን እየጠረገ።

መኮንኑ እንግዲያው ሄደን ውሃውን እንየው አለ። ሹሙ ቀድሞ ሰው አስሩጦ ቦዩን አስከፈተ። ያን ቀን ውሃው ማሳችን ሲደርስ ቁጭ ብዬ አለቀስኩ።

እዚህ ላይ ባበቃ ደስ ባለኝ። ይማም ግን ውሃ ካገኘ በኋላ፣ ማሽላዬ ጠጥቶ ይጥገብ ብሎ ከእኛ በታች ላሉት ዘጋባቸው። ብለምነው አልሰማኝም፤ ጎረቤቶቹ ቢመጡ አኮረፋቸው። ጋሼ ወልዴ አልተቆጣም፣ አልመከረም። ሌላ የዋንዛ ቁራጭ ይዞ መጣና ፊት ለፊቱ ተቀመጠ። ሰንጢውን ከፈተ።

"ይማም፣ እስቲ ፊትህን ወደ ብርሃኑ አዙርልኝ" አለው።

ይማም ዶማውን አንስቶ ወደ ቦዩ ሄደ።