ሊቀ ከሰል እንደሻው

የሃያ ሰባት ዓመተ ምሕረት ክረምት ሐረር ላይ ከዝናቡ ይልቅ ወሬው ነበር የዘነበው። ጣልያን መጣ፣ ጣልያን ቀረ ሲባል ቆሎ እንኳ በአፍ አይጣፍጥም። ያን ጊዜ አንድ ነገር ገባኝ፤ ጦርነት ሲሸት በየሰፈሩ ሁለት ሰው አይጠፋም። አንዱ የጎረቤት ልጅ እያዘመተ ይፎክራል፣ ሌላው በፎካሪው ያላግጣል። ፎካሪው ይሾማል፣ አላጋጩ ይገረፋል። ዛሬም ሳስበው ያንገበግበኛል።

የኛ አላጋጭ እንደሻው ነበር፤ የቤተ ክርስቲያን ሠዓሊ። ቀለም ሲጠፋ በከሰል ግድግዳ ይጭራል። ስለዚህ "ሊቀ ከሰል" ብለን ሾምነው። የሚኖረው ኤረር በር አጠገብ፣ እማማ መስቱራ ግቢ ተከራይቶ፣ ከኛ ጎን ነው።

አንድ ቀን ከጊድር መጋላ ገበያ በርበሬ የተጠቀለለበት የፈረንጅ ጋዜጣ ይዞ እየሮጠ መጣ። ጋዜጣው ላይ በተሳለው ሥዕል ቦርጫም ሰውዬ መድፍ ላይ ተቀምጦ ይበላል።

"እልፌ፣ እዪልኝ! ለካ ፈረንጅም ገብቶታል!" አለና ከንፈሩን መጠጠ። "ምን ያደርጋል፣ ሁለት ዓይን ሰጡት።"

በቤተ ክርስቲያን ሥዕል ጻድቅ በሁለት ዓይን፣ ይሁዳና ሰይጣን በጎን፣ ባንድ ዓይን ነው የሚሳሉት። እንደሻው ይህን ሥርዓት መንገድ ላይ አወጣው። የሰፈራችን ፎካሪ ክቡር ቀኛዝማች ሀብተወልድ የራሳቸውን ልጆች ለትምህርት ብለው ጅቡቲ ሸኝተው፣ የድሬ ጠያራን ገበሬ "ተነስ፣ ወንድ አይደለህም?" ይሉ ነበር። እንደሻው፣ እማማ መስቱራ ለመውሊድ ኖራ በቀቡት ግድግዳ ላይ ሳላቸው፤ ቦርጫቸው እንደ ከበሮ፣ ዓይናቸው አንድ።

"ወላሂ፣ አንተ ሰውዬ! ሥዕል ሐራም ነው፤ ያውም በኔ ግድግዳ!"

"ሐራሙ ሰውዬው ናቸው፣ እማማ። እኔ ያየሁትን ነው።"

እማማ ኖራ ይቀቡታል፤ እሱ በማግስቱ ይስላል።

መስከረም ላይ ወንድሜ አባይነህ ዘመተ። በማግስቱ ብወጣ አባይነህና አንድ የጣልያን ወታደር ግድግዳው ላይ ፊት ለፊት ቆመዋል፤ ሁለቱም በሁለት በሁለት ዓይን። ከኋላቸው ሁለት ቦርጫሞች፣ አንዱ የኛ አንዱ የነሱ፣ ባንድ ባንድ ዓይን።

ደሜ ፈላ። "አንተ የተረገምክ! ወንድሜን ሊገድል ለመጣው ሁለት ዓይን?"

"እሱም እናት አለችው፣ እልፌ። አባይነህ ይዋጋው፣ ይጣለውም። ዓይኑን ግን እኔ አልነጥቀውም። እኔ ያየሁትን ነው።"

ወሬው ቀኛዝማች ዘንድ ደረሰ። "ለጠላት ዓይን የሰጠ የጠላት ወዳጅ ነው! ሥዕሉ ከተገኘ ገበያ መሀል ይገረፋል" ብለው አሽከሮቻቸውን ሰደዱ። እኔ ገና እንደተቆጣሁ ተገትሬ ሳለሁ እማማ መስቱራ የኖራ ባልዲ ይዘው ብቅ አሉ።

"ልጄ፣ ምን ትገተሪያለሽ? ያዢ እንጂ!"

ያዝኩ። ቦርጫሞቹን ባንድ ምት ደፈንኳቸው። የአባይነህ ዓይን ላይ ስደርስ ግን ቀስ ብዬ፣ ልጅ እንደሚያስተኛ ሰው ከደንኩት። የጣልያኑንም ሳላስበው እንደዚያው።

አሽከሮቹ ደረሱ። "ሥዕሉ የታለ?"

"ሥዕል? በእስላም ቤት?" አሉ እማማ መስቱራ፣ ኖራው ከክርናቸው እየተንጠባጠበ። "አስተግፊሩላህ! ሐራም መሆኑን አታውቁም?"

እንደሻው በዚያው ሳምንት ቁስለኛ ለማንሳት ከሚሄዱት ጋር ወጣ። ለመጨረሻ ጊዜ ያየው አባይነህ ነው፤ ጥቅምት ላይ፣ ጅጅጋ፣ ከሐኪም ድንኳን ደጅ እንደሻው ተቀምጦ ለሥዕል ከሰል ይቀርጽ ነበር።