ለሐጂ የሰፋሁት በር

ክሩን በምራቄ አርጥቤ፣ አንድ ዓይኔን ጨፍኜ፣ መርፌዋን ወደ መስኮቱ ብርሃን አንሥቼ ላሾልከው ስል ጥሩወርቅ ገባች። ጥሩወርቅ ግድግዳ የምንጋራ ጎረቤቴ ናት። በሬን አንኳኩታ አታውቅም፤ የሚያንኳኳ እንግዳ ነው ትላለች።

«አያ ደምሴ! አሁንም መርፌ? ዘንድሮስ ልንድርህ ነው መሰል!»

ጎንበስ ብላ ጉልበቴ ላይ የተዘረጋውን ጨርቅ አየች። ሁለት መዝጊያ ያለው አረንጓዴ በር ነው፤ ከበሩ ፊት ሁለት ዱካዎች፣ ትንንሽ የእንጨት መቀመጫዎች፣ ተቀምጠዋል።

«ሸጋ ነው። የማን በር ነው?»

«የሐጂ ኢድሪስ። ለኢድ የምሰጠው ነው።»

አፏን ከፈተችና ተወችው። ጨርቁን አስጠግታ አየች፤ አርቃም አየች። ከዚያ ዝም አለች። ጥሩወርቅ ለቅሶ ቤት እንኳ ዝም አትልም።

እሷ የምትለውን እስክታገኝ ድረስ እናንተን ላጫውታችሁ። መቼም ቆማ አትደክምም።

የእኛ የጎንደር ሰላምታ ሥራ ነው። አንድ ሰው ከቁስቋም ተነሥቶ አራዳ ገበያ እደርሳለሁ ቢል፣ መንገዱ አያደክመውም፤ የሚያደክመው እንደምን አደርህ ነው። እንደምን አደርህ ይሉሃል፣ እግዚአብሔር ይመስገን ትላለህ፤ ልጆቹስ ይሉሃል፣ እግዚአብሔር ይመስገን ትላለህ፤ ወገብህስ፣ ጎረቤትህስ፣ ያቺ ታማ የነበረች ላምህስ እያሉ፣ ላሟ ከሞተች ስንት ክረምት እንዳለፋት ሳይጠይቁ ይቀጥላሉ። አፍ የሰጠው ሰው ይደሰትበታል፤ ደስ ይበለው። እኔ ግን ከልጅነቴ ጀምሮ ሦስተኛው «እንደምን» ላይ ስደርስ ቃል ያልቅብኛል። ዝም ባለ አፍ ዝንብ አይገባም ይሉ የለ? ዝንቡስ አልገባም፤ ሰዎች ግን ኩራተኛ ነው ብለው ሲያሙኝ ኖረዋል።

እንግዲህ ለእንደኔ ያለ ሰው ካርድ ከሰማይ የወረደ ነገር ነው። በጨርቅ ላይ አበባ ትሰፋለህ፣ ጨርቁን በኮላ ካርቶን ላይ ትለጥፋለህ፣ በሰው እጅ ትልከዋለህ፤ በቃ። ላምህስ የሚልህ የለም።

ነገሩን ያመጣችው ልጄ የሻረግ ናት። ካቻምና ክረምት የቁስቋም ድንጋይ አዳልጦኝ እግሬን ተሰበርሁና ከቤት ዋልሁ። የሻረግ ጥልፍ የተማረችው ትምህርት ቤት ሳለች ነው፤ በዓል በመጣ ቁጥር ለዘመድ ለወዳጅ ካርድ እየጠለፈች ትሰጣለች። እኔ አልጋ ላይ ሆኜ ጣራ ጣራ ሳይ ሰነበትሁና አንድ ቀን ወንፊት የመሰለ ቀዳዳ ቀዳዳ ያለው ጨርቅ ከነመርፌው እጄ ላይ አስቀመጠችልኝ። «አባባ፣ ጣራውን ተውና ይችን እያት» አለችኝ።

ስፌቱ ቀላል ነው። ከታች ከግራ ወደ ላይ ወደ ቀኝ አንድ ክር ታጋድማለህ፤ እንዲህ እንዲህ እያልህ መስመሩን ትጨርሳለህ። ስትመለስ በእያንዳንዱ ላይ ሌላውን ክር በተቃራኒው ታጋድማለህ። ያኔ እያንዳንዷ ስፌት ትንሽ መስቀል ትሆናለች። እኔ ፊደል አልቆጠርሁም፤ ቀዳዳ ግን እቆጥራለሁ። ጽሑፉን የሻረግ በእርሳስ ነጥብ በነጥብ ታስቀምጥልኛለች፤ እኔ ነጥቧን ተከትዬ እሰፋለሁ። መልካም በዓል ይላል ትለኛለች፤ አምናታለሁ። ስድብ ብትጽፍበትም እንደዚያው አሳምሬ እሰፋው ነበር።

መጀመሪያ የሰፋሁት ሳንጃ ከተማ ላለችው እኅቴ፣ ለእንቁጣጣሽ፣ ቢጫ አደይ አበባ ነው። ሲደርሳት ደወለች።

«ወንድምዓለም፣ ደረሰኝ። ሸጋ ነው። ምን ላድርገው?»

ምን እንደሚደረግ እኔም አላውቅም ነበርና «አስቀምጪው» አልኋት።

«እስከ መቼ?» አለችኝ።

ሁለተኛውን ለንስሐ አባቴ ሰጠሁ፤ ለዳዊታቸው ዕልባት አደረጉት። ሦስተኛውን አምና ለፋሲካ ለጥሩወርቅ ሰፋሁ፤ ቀይ ዶሮ ነበረች። ጥሩወርቅ ዶሮዋን ቀረብ አድርጋ ስታይ ላባዋ ሁሉ መስቀል ሆኖ አገኘችው። ተሳለመችው። «መስቀል ያለበት ነገር የትም አይጣልም» ብላ ከሥዕለ አድኅኖው ተርታ አቆመችው። ዛሬ ቤቷ ብትገቡ በእመቤታችንና በቅዱስ ጊዮርጊስ መካከል የእኔ ዶሮ ቆማለች። ጊዮርጊስ ምን እንደሚል አላውቅም፤ ፈረሱ ግን አየት የሚያደርጋት ይመስለኛል።

አሁን ወደ ሐጂ ልምጣ። ሐጂ ኢድሪስ አራዳ ክርና ጨርቅ ይሸጣል። እኔ ከማክሰኝት እርሻዬን ትቼ ከመጣሁ ጀምሮ የዚያ የሱቅ መደዳ ዘበኛ ነበርሁ። ሌሊቱን ጠብቄ ጎሕ ሲቀድ እሱ ይመጣል፤ አረንጓዴውን በሩን ይከፍታል፤ ሁለት ዱካ ያወጣል። በአንዱ እሱ ይቀመጣል፣ በአንዱ እኔ። ገዢ እስኪመጣ ድረስ እንቀመጣለን። አንነጋገርም። አንዳንድ ቀን «ደመነ» ይላል። «አዎ» እላለሁ። ወዳጅነታችን ይኸው ነው። ለሰው ብነግረው ይኼም ወዳጅነት ሆኖ ይሉኛል፤ ግን በዚህ ዓለም ላይ ሳላወራ ያልተቀየመኝ ሰው እሱ ብቻ ነው። ሚስቴ እንኳ፣ ነፍሷን ይማረውና፣ «አንተ ግድግዳ» እያለች ነው የኖረች።

እግሬን ከተሰበርሁ ወዲህ ዘበኝነቱ ቀረ፤ ዱካዋ ግን አልቀረችም። ያገገምሁ ለት በምርኩዝ ብሄድ ወጥታ አገኘኋት። የጥልፍ ክር የሚልክልኝም እሱ ነው። አረንጓዴው ክርም ከእሱ የመጣ ነው፤ የራሱን በር እንደምሰፋበት አላወቀም እንጂ።

ጥሩወርቅን ከቆመችበት አልረሳኋትም። ይኸው ተናገረች።

«አያ ደምሴ፣ ይኼ በር እኮ ዳር እስከ ዳር መስቀል ነው። ለሐጂ መስቀል ልትልክለት ነው? ያውም ለኢድ?»

አየሁት። እስከዚያች ሰዓት ድረስ በር ነበር። ከዚያ በኋላ በሩ ጠፋብኝና መስቀል ብቻ ይታየኝ ጀመር። ዱካዎቹም መስቀል ናቸው። የሻረግ ነጥብ ያደረገችልኝ «ኢድ ሙባረክ» እንኳ በመስቀል ነው የተጻፈ።

ሌላ ዘመን ቢሆን ተስቆ ይታለፍ ነበር። ዘንድሮ ግን ሰው ነገር ፍለጋ በጠራራ ፀሐይ ባትሪ አብርቶ ይዞራል። ሐጂ ራሱ ባይቀየም፣ በኢድ ቀን ቤቱ የሚገባ የሚወጣው ብዙ ነው፤ አንዱ አንሥቶ «ይኼ ምንድን ነው?» ይላል፤ ሌላው ደግሞ «ሆን ብሎ ነው» ይላል። ሆን ብሎ ነው የምትባለዋ ነገር ከክብሪት ትከፋለች። እኔ ደግሞ በዚህ ከተማ አንዲት ዱካ ብቻ ነው ያለችኝ። እሷ ከተነሣች የምቀመጥበት የለኝም።

የሻረግን ብነግራት ሳቀች። «አባባ፣ ክር እኮ ነው!»

ክርማ ክር ነው። ግን እዚህ ግድግዳ ማዶ ያው ክር ይሳለማል። ጥሩወርቅ ቤት መስቀል የሆነ ነገር ሐጂ ቤት ሲደርስ ክር ብቻ ነው ብል ማን ያምነኛል?

እኛ ጎንደሬዎች እንዲህ ያለ ነገር ሲገጥመን የምናውቀው መላ አንድ ነው፤ መለየት። የሻረግን ስድር ለሐጂና ለወገኖቹ ሙክቱን ለብቻ ነዳሁ፤ አራጁ ከእነሱ፣ ድስቱ ለብቻ፣ ማማሰያው ለብቻ። እሱም ኢድ ከጾማችን ጋር ሲገጥም ለእኔ ሽሮ በአዲስ ድስት ያሠራልኛል። በዚህ የተቀየመ ሰው አላየሁም፤ እንዲያውም የሚታማው ያልለየ ደጋሽ ነው። ታዲያ ለሥጋ የሠራ መላ ለክር ምነው አይሠራ?

ተቀመጥሁና መፍታት ጀመርሁ። ስመለስ ያጋደምሁትን ክር ከእያንዳንዷ ስፌት ላይ በመርፌ ጫፍ እያነሣሁ መዘዝሁት፤ የፊተኛውን ብቻ ተውሁት። መስፋት ይሻላል። ሰፊ አንድ ጊዜ ያስባል፤ ፈቺ ግን በየክሩ የመጣውን ሐሳብ መልሶ ያስባል። ረመዳንም የእኛም ጾም ገጥመው ነበርና እኔም በባዶ ሆዴ፣ ሐጂም በባዶ ሆዱ፣ እሱ ክር ሲሸጥ እኔ ክር ስመዝ ሰነበትን።

ስጨርስ መስቀል የሚባል ነገር አልቀረም። ሁሉም ወዳንድ ወገን የተጋደመ ነጠላ ክር ሆነ። ነጩ ጨርቅ በመካከል ብቅ ብቅ አለ፤ በሩም በካፊያ ውስጥ የቆመ መሰለ። ካፊያ በረከት ነው ብዬ ራሴን አጽናናሁ። ጥሩወርቅ አይታ «አሁን ንጹሕ ሆነ» አለች። የሻረግ አየችና ከንፈሯን መጠጠች። ልጅ ከንፈር ሲመጥ አባት አይጠይቅም። በኮላ ለጠፍሁት።

የኢድ ለት ነጭ ጋቢዬን ደርቤ በባጃጅ ወደ ሐጂ ሰፈር፣ ወደ አዲስ ዓለም ወረድሁ። የሐጂ ቤት በእንግዳ ሞልቷል፤ ልጆቹ፣ አማቾቹ፣ የሱቅ ጎረቤቶቹ ዙሪያውን ተቀምጠዋል። ከጎኑ ቦታ ለቀቁልኝ። ለእኔ የተሠራው ሽሮ ለብቻው በትንሽ ሰሃን መጣ። ሁሉ ነገር እንደ ወጉ ነው። ያኔ ካርዱን ከጋቢዬ ሥር አውጥቼ ሰጠሁት።

ሐጂ መነጽሩን አደረገ። በሩን አወቀው፤ ዱካዎቹንም አወቃቸው። ፊቱ በራ። ከዚያ የጨርቅ ነጋዴ ነውና ጨርቁን በአውራ ጣቱ ዳበሰው፤ በጥፍሩ ክሩን ነካ ነካ አደረገ። ፊቱ መልሶ ጠቆረ። ዝም አለ። የእኔንና የእሱን ዝምታ ጥንቅቅ አድርጌ አውቀዋለሁ፤ ይኼኛው ሌላ ነው።

«ደምሴ።»

«አቤት፣ ሐጂ።»

«የላክሁልህ ክር አነሰህ?»

«አላነሰም።»

«ጥሩወርቅ ያችን ዶሮዋን ይዛ ያልገባችበት ሱቅ የለም። የእኔም ሱቅ አምጥታት አይቻለሁ፤ ድፍን ናት፣ ነጭ አይታይባትም። የእኔ በር ምነው ሳሳ? ለዶሮ ሙሉ ስፌት፣ ለእኔ ግማሽ? ይኼን ሁሉ ዘመን አብረን ተቀምጠን ግማሽ ወዳጅ ነኝ?»

ሽሮው ፊቴ እንዳለ ነው። እንግዳው ሁሉ እኔን ያያል፤ ማየት ብቻ አይደለም፣ መልስ ይጠብቃል። ሰው እንዳይቀየም ብዬ የፈታሁት ክር እኔኑ ጠልፎ ጣለኝ። መናገር ነበረብኝ። በዕድሜዬ ከተናገርሁት ሁሉ የረዘመውን ያን ለት ተናገርሁ።

«ሐጂ፣ አልሰሰትሁም። ሙሉው ሲሆን መስቀል ነው የሚሆን። ድስቱን እንደምንለይ ክሩንም ለየሁልህ። እንዳልነካህ ብዬ ነው።»

አልገባውም። ሁለት ጣቶቼን አጋድሜ አሳየሁት፤ ከዚያ አንዱን አነሣሁና አንዱን ተውሁት። ሐጂ ጣቴን አየ፤ ካርዱን አየ። ትልቁ ልጁ ሳቁን በእጁ አፈነ። ሐጂ ግን አልሳቀም። ተጠጋኝና እጁን ወደ አንገቴ ሰደደ፤ ከጋቢዬ ሥር ማተቤን በሁለት ጣቱ ሳብ አድርጎ አወጣት፤ እንደ ጨርቁ ሁሉ ዳበሳት።

«ይችን ክር ከማን ሱቅ ገዛሃት?»

ማተቤ ባለፈው ዓመት አርጅታ ተበጥሳ ነበር። አዲሱን ክር የት እንደገዛሁ ለማስታወስ አልተቸገርሁም። የክር ሱቅ ሌላ መቼ አውቃለሁ?

«ከአንተ» አልሁ።

«የንስሐ አባትህስ? ጥሩወርቅስ? ልጅህ ክርስትና ስትነሣስ?»

«ከአንተው።»

«ያን ሁሉ ስሸጥ እጄን አቃጠለኝ?»

ማተቤን መልሶ ከጋቢዬ ሥር አስገባት፤ ካርዱን እጄ ላይ አስቀመጠና ጣቶቼን በላዩ አጠፋቸው።

«ሽሮህን ብላ፤ ድስቱ የተለየው ለሆድ ነው፣ ሆድ ሞኝ ነው። ከዚያ ይኼን ውሰድና በሬን ጨርስልኝ። አንተ ደግሞ ዘበኛ ሆነህ፣ ሱቄን እንዲህ ገርበብ አድርገህ ትተህ ትሄዳለህ?»