ያማረረ ይሸከማል

ሰው የሚያማርረው ሲከፋው ይመስላችሁ ይሆናል። አይደለም። እኔ ዕድሜዬን ሁሉ ስቆጥር የኖርኩ ሰው ነኝ፤ ጣቃ ቆጥሬያለሁ፣ የከረጢት ቀዳዳ ቆጥሬያለሁ፣ ጣሪያዬ የሚያፈስባቸውን ቦታዎች ቆጥሬያለሁ። ቆጥሬ ቆጥሬ የደረስኩበት ይህ ነው፤ ሰው የሚያማርረው ሰሚ ሲያገኝ ነው። ሰሚ የሌለው አያማርርም፤ ይችላል። «ይችላል» ደግሞ ለእኛ ለጉራጌዎች የተሰጠን ትልቁ ምስጋና ነው። ሸክም ያበዙብንና ይችላል ይሉናል፤ መደርደሪያ ሥር ያስተኙንና ይችላል ይሉናል። እኔም መጀመሪያ ደስ ይለኝ ነበር። በኋላ ግን አንድ ነገር አስተዋልኩ። «ይችላል» ብሎ ያመሰገነኝ ሰው ሁሉ፣ ሲያመሰግነኝ ተቀምጦ ነበር።

ባለፈው ሰሞን ወደ ወልቂጤ ስወርድ አጠገቤ የተቀመጠው ጎልማሳ፣ ወንበሩ ወደ ኋላ አልሄድ ቢለው ከአዲስ አበባ እስከ ቱሉ ቦሎ ሲያማርር መጣ። አሥራ አራት ጊዜ። ልገሥጸው፣ የእኛን ዘመን መኪና ልነግረው አፌን ከፈትኩ። ሽማግሌ አፉን የሚከፍተው ለዚህ አይደል? ከዚያ የድሮ ጓደኛዬ ኸይሩ ትዝ አለኝና መልሼ ዘጋሁት። ያማርር። ወንበሩ በእውነትም አይመችም ነበር።

በንጉሡ ዘመን ማብቂያ አካባቢ መርካቶ ውስጥ ሦስት ጓደኛሞች ነበርን፤ እኔ፣ በርጋና ኸይሩ። በርጋና እኔ ከአገና በታች ካለች አንዲት መንደር የወጣን ክርስቲያኖች ነን። ኸይሩ የቡታጅራ ልጅ፣ የመስቃን ሙስሊም ነው። ሦስታችንም በሰው ሱቅ እንሠራ ነበር፤ አንዲት ክፍል ተከራይተን አንድ ፍራሽ ላይ እንተኛለን፤ መሐል የሚተኛው በተራ ነው። ለመስቀል ሦስታችንም ወደ እኛ አገር እንወርዳለን። ለዓረፋ ደግሞ ሦስታችንም ወደ ኸይሩ ቤት። እናቴ ለመስቀል ከበሬው ሌላ ለኸይሩ ብቻ አንድ በግ ታቆያለች፤ በጉን ሙስሊም ጎረቤታችን መጥቶ ያርድለታል። የኸይሩ አባት አባባ ሸምሱም በበኩላቸው ለእኔና ለበርጋ ክርስቲያን ጠርተው ያሳርዱልናል። በሥጋ ብንለያይም በሎንቺና አንድ ነበርን።

ሎንቺና ስል የዛሬውን አውቶቡስ እንዳታስቡ። አፍንጫው የረዘመ፣ ወንበሩ ሳንቃ፣ ጣሪያው ላይ ባለው ፖርቶመጋላ ከተሳፋሪው የበዛ ዕቃና ጥቂት ፍየል የሚጫንበት መኪና ነው። እኛ የምንቀመጠው ከኋላ ጎማ በላይ ካለው ከመጨረሻው አግዳሚ ላይ ነው። ሌላ ሰው ስለማይፈልገው ርካሽ ነው። ከመቀመጫችን የምናተርፈው ለእናቶቻችን ነጠላ ይሆናል። ከዓለም ገና እስከ ወልቂጤ ራሳችን ጣሪያውን የሚነካባቸው ሰባት ጉድጓዶች ነበሩ፤ ሰባቱንም በስማቸው እንጠራቸው ነበር። ትልቁን በኸይሩ አሠሪ ስም ሰይመነዋል።

ሕጉን ያወጣው ራሱ ኸይሩ ነው። ያማረረ ይሸከማል። ከተሳፈርንበት ሰዓት አንሥቶ የቤት ደጃፍ እስክንረግጥ ድረስ «ወገቤን» ያለ፣ «እግሬ ደነዘዘ» ያለ፣ «መቼ ነው የምንደርሰው» ያለ፣ ከመኪና እንደወረድን የሦስታችንንም ዕቃ ብቻውን ይሸከማል። እህ ማለትም ይቆጠራል። ቆጣሪ ማን እንደነበረ መናገር አያስፈልገኝም።

አንድ ዓረፋ ከቡታጅራ ስንመለስ ነጋዴዎች ከቡታጅራ ማዶ ካለው ከቆሼ ገበያ ያመጡትን በርበሬ በጆንያ በጆንያ እግራችን ሥር ጠቀጠቁት። መኪናው በነጠረ ቁጥር ጆንያው ይተነፍሳል። ማስነጠስ ማማረር ነው ወይስ አይደለም የሚለው ክርክር እስከ ዓለም ገና ወሰደን፤ አይደለም ተብሎ ተወሰነ። እዚያ ስንደርስ በርጋ «ኧረ ዓይኔ ጠፋ» አለ። እሱ ማማረር ነው። ሦስት ጓዝ ተሸክሞ፣ እንባው በጉንጩ እየወረደ፣ መርካቶን አቋርጦ ክፍላችን ደረሰ። ኸይሩ ከፊት ከፊት እየሄደ «ዞር በሉ፣ ዞር በሉ፣ ለቅሶ ደራሽ ነው» እያለ መንገድ ያስለቅቅለት ነበር።

አልዋሻችሁም፣ እነዚያ መንገዶች ደስ ይሉ ነበር። ክፉ ወንበር ለሦስት ከተካፈሉት ጨዋታ ይሆናል። መሐል የተቀመጡት የበለጠ ገንዘብ የከፈሉበትን መንገድ እኛ በሣቅ እንጨርሰው ነበር፤ እንዲያውም እናዝንላቸው ነበር። «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም» የሚለውን ተረትማ እናውቀዋለን። ለሌላ ሰው የተተረተ መስሎን ነው።

የዚያ ዓመት መስቀል፣ በዋዜማው ጎሕ ሲቀድ ተሳፈርን። ኸይሩ ማታ እራት አልበላም፤ ቆጥሬዋለሁ። ሁልጊዜ ቱሉ ቦሎ ሳንደርስ ቢያንስ አራት ቀልድ ያወራል፤ ያን ቀን አንድም አላወራም፤ እሱንም ቆጥሬዋለሁ። ወሊሶ ለቁርስ ስንወርድ እንጀራውን ጠቅልሎ ጠቅልሎ መልሶ አስቀመጠው። በርጋ፣ ኸይሩ ለበጉ ቦታ እያዘጋጀ ነው፣ ምስኪን በግ፣ ብሎ ሲያሾፍበት ፈገግ አለ። ከዚያ ከመኪናው ኋላ ዞረና አፉን እየጠረገ ተመለሰ። ፊቱ በላብ ወዝቷል፤ የመስከረም ብርድ ነው እኮ። ምን ሆንክ ስለው ምንም አለኝ። እኔም ጣቴን አንሥቼ፣ ተጠንቀቅ፣ እየቆጠርኩ ነው አልኩት።

እየቆጠርኩም ነበር። ቆጠርኩ እንጂ አልደመርኩም።

ወልቂጤ እኩለ ቀን ላይ ደረስን። ከመኪናው ማቆሚያ ፊት ለፊት፣ መንገዱን ተሻግሮ፣ ግድግዳው በኖራ የተቀባ ክሊኒክ ነበር። ደጃፉ ላይ ሁለት ሴቶች ልጅ ታቅፈው ተራ ይጠብቃሉ። ሎንቺናው ከሰዓት በኋላ ወደ አዲስ አበባ ሊመለስ ፖርቶመጋላውን ያራግፋል። እኛን ወደ አገና የሚወስደን የጭነት ካሚዮን ደግሞ ሞተሩን አስነሥቷል። ኸይሩ ጓዙን እንዳንጠለጠለ ቆሞ ክሊኒኩን አየ። እኔ ደግሞ እሱን አየሁት። ዓይናችን ተገጣጠመ። አንድ ቃል ብለው፣ «ግባ እስቲ፣ እንጠብቅሃለን» ብለው፣ የሚገባ ይመስለኛል። ካሚዮኑ ጥሩንባ ነፋ። በርጋ ከላይ ሆኖ እጁን ዘረጋልን። ወጣን።

ያ መንገድ የተቆረጠው እኛው አዲስ አበባ ያለነው ባዋጣነው ገንዘብ ነው፤ ክረምት ሲሆን ግን ያዋጣነውን ሁሉ ጭቃ ይበላዋል። ካሚዮኑ ጭቃው እስከፈቀደለት ድረስ ሄዶ አራገፈንና ተመለሰ። የቀረውን በእግር ጀመርነው። በርጋ እየዘፈነ ከፊት፣ እኔ መሐል፣ ኸይሩ ከኋላ። ሦስት ጊዜ ቆሜ ጠበቅሁት። በአራተኛው ዞር ብል ከአንድ የእንሰት አጥር ሥር ተቀምጧል።

«ወልዴ» አለኝ፤ «ዕቃችሁን አምጡ። ልሸከም።»

በርጋ ዘፈኑን አቋርጦ በሣቅ ፈነዳ፤ ሕግ አውጪው በገዛ ሕጉ ተያዘ እያለ አጨበጨበ። እኔም ሣቅሁ። ስንት ዓመት አሸንፎን የኖረ ሰው ነው እኮ፤ አንድም ቀን ተሸክሞ አያውቅም። ጓዜን ከትከሻዬ አውርጄ ጭኑ ላይ አስቀመጥኩለት።

በሁለት እጁ አቀፈውና ወደ ፊት ተደፋ። አልተነሣም።

ጓዙን ሳነሣ ገላው እንደ ምጣድ ይፋጃል። ሆዱን ብነካው እንደ ሳንቃ ደርቋል። «ልሸከም» ያለው ቃል እንዴት እንዳልገባኝ ዛሬም አይገባኝም። ሰውየው አመመኝ ማለቱ እኮ ነው። ሌላ አማርኛ አልተውንለትም ነበር።

በርጋ ወደ መንደር ሮጠ። የመንደሩ ወንዶች ሊያርዱት የነበረውን በሬ እንደታሰረ ትተውት መጡ። ቃሬዛ ሠርተው፣ ያን ሁሉ ጭቃ ለጭቃ የመጣነውን መንገድ፣ ወደ ወልቂጤ በትከሻቸው መለሱት። ሃያ ስምንት ሰው ተፈራረቀበት። አንዱም ደከመኝ አላለም። የእኛ ሰው ይችላል።

ክሊኒኩ ስንደርስ ከመሸ ቆይቶ ነበር። የክሊኒኩ ረዳት ሐኪም፣ ድሬሰሩ፣ ሆዱን ዳሰሰና እጁን ቶሎ አነሣ። ትርፍ አንጀቱ ፈንድቷል፤ ይህን የሚቀድ ሐኪም ያለው አዲስ አበባ ነው አለን። መኪና ግን የለም፤ በዓል ነው፣ ሁሉም አገሩ ገብቷል። ከዚያ መቼ እንደጀመረው፣ በየት በኩል እንደመጣን ጠየቀኝ። ሁሉንም ነገርኩት። ቀናም ብሎ አላየኝም።

«እኩለ ቀን ላይ እዚህ ደጃፍ ነበራችኋ» አለ። «ያኔ ብታስገቡት በመጣችሁበት ሎንቺና መልሼ እልከው ነበር።»

ኸይሩ ሳይነጋ ሞተ። በማግስቱ አንድ ባለካሚዮን ለምነን በዓለም ገና ዞረን ቡታጅራ አደረስነው። ሹፌሩ አዝኖልኝ ጋቢና ግባ ብሎኝ ነበር። ኋላ፣ ከሬሳው ጋር ተቀመጥኩ። ሰባቱንም ጉድጓዶች አለፍናቸው።

ከቀብር በኋላ አባባ ሸምሱ በሰው ፊት እጄን ያዙኝ። መንገድ ላይ ምን አለ አሉኝ። ልጅ ሲሞትበት አባት የሚጠይቀው ይህንኑ ነው፤ የመጨረሻ ቃሉን። ስለ ሕጉ ልነግራቸው አፌ ላይ ደርሶ ነበር። የኸይሩ እናት ከሴቶቹ መሐል ቀና ብላ ታየኛለች።

«ምንም አላለም፣ አባባ» አልኩ።

«አልሐምዱሊላህ» አሉ። «ልጄ ታጋሽ ነበር።»

እናቱ በነጠላዋ ፊቷን ሸፈነች። ሰዉም፣ አዎ ታጋሽ ነበር፣ ሰብር የታደለ ልጅ ነበር አለ። ከዚያ አባባ ሸምሱ ዓረፋ እንዳልቀር አዘዙኝ፤ በእሱ ቦታ ና አሉኝ።

ሄድኩ። በርጋ አንድ ጊዜ ብቻ መጥቶ ተወው፤ አልቻልኩም አለኝ። እንዳልኳችሁ፣ ሰው ሰሚ ሲያገኝ ያማርራል። እኔ በየዓመቱ ሄድኩ። የራሴን ሱቅ ከፈትኩ፣ አገባሁ፣ መንግሥት ተለወጠ፣ ሎንቺናው ቀርቶ የተሻለ አውቶቡስ መጣ፤ እኔ ዓረፋ ሲደርስ ቡታጅራ ነኝ። በየዓመቱም ጎረቤት ሲሰበሰብ አባባ ሸምሱ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው ያወሩታል። ልጄ ከአዲስ አበባ እስከ አገና ድረስ ሆዱ እየተቀደደ አንዲት ቃል አልተነፈሰም፤ ይኸው ጓደኛው ምስክር ነው። ሰው ሁሉ ወደ እኔ ይዞራል። እኔ ራሴን በአዎንታ እነቀንቃለሁ። ሰዎቹ ለልጆቻቸው፣ ሰምታችኋል አይደል፣ ወንድ ማለት እንዲህ ነው ይላሉ። እነቀንቃለሁ። አሥራ አንድ ዓረፋ።

በአሥራ ሁለተኛው ዓመት በዋዜማው ደረስኩ። እንግዳው ገና አልመጣም፤ እናቱ ጓዳ ነበረች። አባባ ሸምሱ ዓይናቸው ደክሟል፤ ፊታቸውን ወደ በሩ እንዳደረጉ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ጠየቁኝ።

«ወልዴ፣ ያኔ ወልቂጤ ሐኪም ቤት ነበር?»

«ነበር፣ አባባ።»

«በደጃፉ ነው ያለፋችሁት?»

«በደጃፉ ነው።»

ሊያባርሩኝ ነው ብዬ ጫማዬን በዓይኔ ፈለግሁ። ቢያባርሩኝ ደግ ነበር። እሳቸው ግን ወደ ጓዳው በአገጫቸው አመለከቱ።

«እሷ እንዳትሰማ» አሉኝ። «ያቆማት ይኸው ነው። አንዲት ቃል አልተነፈሰም ስል የምትሰማው።»

በማግስቱ ጎረቤቱ ተሰበሰበ። አባባ ሸምሱ ጉሮሯቸውን ጠርገው እንደ ወትሮው ጀመሩት፤ ድምፃቸውን ጓዳ ድረስ እንዲሰማ ከፍ አደረጉት። ልጄ አንዲት ቃል አልተነፈሰም፤ ይኸው ምስክሩ አሉ። ወደ እኔ አልዞሩም። ሌላው ሰው ግን ሁሉ ዞረ።

ነቀነቅሁ።