ስም ቆራጩ ጓድ

ስም የሚቆርጥ ሰው አጋጥሟችሁ ያውቃል? እኔን በደርግ ዘመን ቀበና አጋጥሞኛል። የቀበሌያችን መዝገብ ያዥ ነበር። የሕፃን ስም ሲነገረው እንደ ፀጉር አስተካካይ ዙሪያውን ያየውና ፈጣሪንና ቅዱሳንን በሚጠራው በኩል ይከረክመዋል። ገብረማርያም ተብሎ የገባ ገብሬ ሆኖ ይወጣል። ማርያም ምን አደረገችው?

እኔ ደግሞ ሁለት ልጆች ቀብሬ ሦስተኛውን ተስፋእግዚአብሔር አልኩት። ታዲያ ይህን ያቆየልኝ ማነው? ቀበሌው ነው?

ገና አራስ ሆኜ ላስመዘግበው ሄድኩ።

«ጓዲት፣ ተስፋ ይበቃዋል» አለኝ። «ልጁ ለሰፊው ሕዝብ ነው የተፈጠረው።»

«ለምን እንደፈጠረው የፈጠረው ያውቃል። አንተ ሙሉውን ጻፍ!»

«እንግዲያው የስኳር ራሽን የለውም።»

«ይቅርበት! የሚጠባው ጡት እንጂ ስኳር አይደለም» ብዬው ወጣሁ።

በአርባ ቀኑ ክርስትና ላስነሳው፣ ከሰፈር ዓይን ርቄ እንጦጦ ወጣሁ። ከፊቴ አንድ ሰው ጋቢውን እስከ ዓይኑ ተከናንቦ ሕፃን አቅፏል። ቄሱ «የክርስትና ስሙ ገብረማርያም ይሁን» ሲሉ ሰውየው «አሜን» አለ። ድምፁን አወቅሁት፤ መዝገብ ያዣችን ነው! ጠጋ አልኩና በጆሮው፣

«ጓድ፣ ማርያምን እንቁረጣት?» አልኩት።

ላብ አጠመቀው።

ሰኞ ቀበሌ ተመለስኩ። ቀና ብሎ ሳያየኝ አንድ ፊደል ሳያጎድል ጻፈው። በዚህ የምሄድ መሰላችሁ? በተሰለፈው ሕዝብ ፊት ጮክ ብሎ እስኪያነብልኝ ድረስ ከጠረጴዛው ንቅንቅ አላልኩም።