ፉጂ ተራራ ጋሽ ይርዳውን ሊያይ ተሰለፈ

ጋሽ ይርዳው ይህን ሕልም ያዩት እንደ ሰው ሌሊት፣ እንደ ሰው አልጋ ላይ አይደለም። ጠራራ ፀሐይ ላይ፣ ጃፓን አገር፣ ፈጣን ባቡር ውስጥ ቁጭ ብለው ነው። መቼም ሕልም ለማየት ብሎ ይህን ሁሉ መንገድ የሚሄድ የለም። እሳቸው ግን ሄዱ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ጋሽ ይርዳው ጡረታ እስኪወጡ ድረስ ደሴ ውስጥ ጂኦግራፊ አስተምረዋል። የእሳተ ገሞራ ትምህርት በደረሰ ቁጥር ፉጂ ተራራን በነጭ ጠመኔ ሰሌዳው ላይ ይስሉታል። ጫፉን በረዶ ሲያለብሱት ፊታቸው ፈካ ይላል። ታዲያ አንድ ቀን አንዲት ተማሪ እጇን አወጣችና «ቲቸር፣ እርስዎ አይተውታል?» አለቻቸው። ክፍሉ በሙሉ ሳቀ። ያ ሳቅ ከጆሯቸው አልወጣም። ልጃቸው ወይንሸት ጃፓን ተምራ፣ እዚያው ሥራ ይዛ «አባዬ፣ ና እንጂ!» ስትላቸው፣ አገሩን ሳይሆን ተራራውን ብለው ሄዱ። ተራራው ግን ምን ቢያደርጋቸው ጥሩ ነው? ሳምንቱን ሙሉ ደመናውን ተከናንቦ ከረመ። የቀረቻቸው ዛሬ ብቻ ናት። ባቡሩ በተራራው አጠገብ ያልፋል፤ ሰማዩም ጠርቷል፤ ነገ ደግሞ ወደ አገር ቤት ነው።

እንግዲህ ጋሽ ይርዳው የወሎ ሰው ናቸው፤ ትሕትናቸው ልክ የለውም። ባቡሩ ውስጥ ወንበር የለያያቸው ባልና ሚስት ቢያዩ «ኧረ በጭራሽ! እኔ እያለሁማ አትለያዩም!» ብለው ከልጃቸው ጎን ተነሥተው ቦታቸውን ሰጡ። ወደ ኋላ ሄደው አንድ ጃፓናዊ ሽማግሌ አጠገብ ሊቀመጡ ሲሉ፣ ሽማግሌው ደግሞ ብድግ ብለው የመስኮቱን ወንበር ለቀቁላቸው። እምቢ፣ እሺ፣ እምቢ፣ እሺ ሲባባሉ ቆይተው ጋሽ ይርዳው ተሸነፉ። መስኮቱን ይዘው ተቀመጡ። ሌሊቱን በጉጉት ሲገላበጡ ስላደሩ «ዓይኔን ለአፍታ ላሳርፋት» አሉ።

በቃ፣ ሄዱ።

ራሳቸውን ያገኙት ሰው ቆሞ መንገዱ ራሱ የሚሻገርበት ከተማ ውስጥ ነው። ሰዉ ግራና ቀኝ ችምችም ብሎ ቆሟል። መብራቱ አረንጓዴ ሲሆን አስፋልቱ ከነነጭ መስመሩ ብድግ አለና በሰዉ መሀል እየተጋፋ ተሻገረ። ሱቆቹም ተከተሉት። አንድ ረጅም የብረት ማማ መንገድ መሀል ቆም ብሎ፣ ወገቡን ይዞ ጎንበስ አለ።

«ጌታዬ፣ አንድ ፎቶ ባነሣዎት ይቀየሙኛል?»

«እኔን? እኔን አንሥተህ ምን ልታደርገው?»

«ለልጆቼ ላሳያቸው ነው። እርስዎን የሚያውቁት በመጽሐፍ ብቻ ነው።»

ጋሽ ይርዳው ኮታቸውን ቆልፈው ቆሙለት። ማማው ሲያነሣ ዓይኑ ላይ መብራት ቦግ አለ፤ አመስግኖም ከአስፋልቱ ጋር ተቀላቀለ።

ከዚያ አንዲት አጋዘን መጣች። ኮፍያ አድርጋለች፣ ትንሽ ባንዲራ ይዛለች፣ እንደ አስጎብኚ ደንብ ፊቷን ወደ እንግዶቿ አዙራ ወደ ኋላዋ ትራመዳለች። የምታስጎበኛቸው ሰዎች አልነበሩም። ሁለት ድልድዮች፣ አንድ የአትክልት ቦታና አንድ የድሮ ቤተ መንግሥት ነበሩ።

«ክቡራትና ክቡራን» አለች፣ «በስተቀኛችሁ የምትመለከቱት ጋሽ ይርዳው ይባላል። የሚገኘው ከባሕር ወለል በላይ ከፍ ብሎ፣ ደሴ ነው። ለመጨረሻ ጊዜ የፈነዳው ተማሪዎች ጠመኔውን ሰርቀው ሲወራወሩበት ነው።»

አንደኛው ድልድይ እጁን አወጣ። «ዳግመኛ ይፈነዳል?»

«ለጊዜው የተኛ ነው። የተኛን ግን ማን ያምናል? በሉ ድምፃችሁን ቀንሱ፣ እንዳይነቃ!»

ቤተ መንግሥቱ በፍርሃት መስኮቶቹን ዘጋጋ። ጋሽ ይርዳው ሳቃቸውን መቆጣጠር አቃታቸው፤ ሆዳቸውን ይዘው ተንከተከቱ። ሲስቁ ቆይተው ግን የመጡበት ጉዳይ ትዝ አላቸው።

«ወይዘሮ አጋዘን፣ እባክሽ፣ ፉጂ ተራራ ወዴት ነው?»

«ሰልፍ ላይ ነው።»

«የምን ሰልፍ?»

«እርስዎን ለማየት ነዋ! የሰልፉ መጨረሻ ገጠር ነው፣ እሱም እዚያ ነው። የመጣውን ሁሉ ‹ይለፉ፣ ይለፉ› እያለ ያሳልፋል። በዚህ አያያዙ ተራው መቼ እንደሚደርሰው እንጃ።»

«ወይ ጉዴ! እኔ እሱን ብዬ መጥቼ፣ እሱ እኔን ብሎ ይሰለፍ?» አሉ ጋሽ ይርዳው። ደስታውም፣ ድንጋጤውም አንድ ላይ መጣባቸው። «በይ ንገሪኝ፣ በምን ነው የሚኬደው?»

«በባቡር።»

ባቡር ጣቢያው ውስጥ ባቡሮቹ ከቢጫው መስመር ኋላ ተሰልፈው ሰው ይጠብቃሉ። ድምፅ ማጉያው በደስ የሚል ዜማ «ጋሽ ይርዳው እየገቡ ስለሆነ ባቡሮች ከመስመሩ ፈቀቅ በሉ» አለ። ጋሽ ይርዳው ገብተው ቆሙ። ከፊት የነበረው አፍንጫ ረጅሙ ፈጣን ባቡር ጫማውን ጠረገና «ቦታ ይኖራል?» ብሎ ጀርባቸው ላይ ወጣ። ፉርጎዎቹም ተራ በተራ «ይቅርታ፣ ይቅርታ» እያሉ ተሳፈሩ።

«ቀስ ብለው ይሂዱ እባክዎ፣ ፍጥነት ያዞረኛል» አለ ባቡሩ።

«ተው እንጂ! አንተን?»

«እናቴ ትሙት። ሲያዞረኝ የማልናገረው ሰው እንዳይደነግጥ ብዬ ነው።»

ጋሽ ይርዳው ሩጫውን ለቀቁት። ያ በደሴው የጦሳ ተራራ ዳገት ላይ የሚያቃስት ጉልበታቸው የት እንደሄደ እንጃ! የሩዝ ማሳውን ሰንጥቀው፣ ወንዙን ዘለው፣ የቀርከሃውን ጫካ በጎን አልፈው በረሩ። ባቡሩ ጀርባቸው ላይ ዓይኑን ጨፍኖ «ደረስን? ደረስን?» ይላል። ጋሽ ይርዳው ልጅነታቸው ተመለሰ፤ እልል ማለት ቃጣቸው።

ወንዝ ዳር የአበባ ዛፎች ምንጣፍ አንጥፈው፣ ምሳቸውን በየሣጥኑ ይዘው ተቀምጠዋል። ጋሽ ይርዳው ሲያልፉ ሁሉም ቀና ብለው የእሳቸውን አናት አዩ።

«አበበ! ሽበቱ አበበ!» አለ አንዱ ዛፍ።

«ዘንድሮስ ቀድሟል» አለች ሌላዋ። «በደንብ እዩት ልጆች፣ ሰሞኑን ይረግፋል።»

«ምን አሉ?» ብለው ጋሽ ይርዳው መላጣቸውን ዳበስ አደረጉ። «የረገፈውማ ድሮ ረግፏል፣ ተረጋጉ!»

ዛፎቹ አጨበጨቡላቸው። ቅር ሊላቸው ሲል መልሰው ሳቁ።

ጫካው ውስጥ ሲገቡ ባቡሩ «እዚህ ወራጅ አለ» ብሎ ወረደ። ጥንታዊ የጸሎት ቦታ ነበር። የቦታው ቀይ በር ራሱ ወደ እሳቸው መጣና ጎንበስ ብሎ በእግሮቻቸው መሀል አለፈ። ከዚያ ከዕድሜ ብዛት አረንጓዴ ሻጋታ ለብሰው የኖሩ ትናንሽ የድንጋይ አማልክት ከየዛፉ ሥር ወጡ። ፊታቸው ቆመው ሁለት ሁለት ጊዜ አጨበጨቡ፤ እጅ ነሡ። አንዱ፣ ቀይ መሀረብ አንገቱ ላይ ያሠረው፣ ቀረብ አለ።

«አባቴ፣ አንድ ነገር ብቻ እለምንዎታለሁ። አንድ ቀን ቁጭ ልበል።»

«ኧረ በስመአብ! እኔ ምን ሥልጣን አለኝና ነው እኔን የምትለምነኝ?»

«እኔስ ምን ሥልጣን አለኝ? ሰዎቹ ግን ይለምኑኛል።»

ጋሽ ይርዳው አዘኑለት። «በል ቁጭ በል፣ ማን ከለከለህ» አሉት። ድንጋዩ «እፎይ!» ብሎ ሲቀመጥ ጉልበቱ ሲንቋቋ ተሰማ። ይህን ያዩት ሌሎቹ «እኔንም! እኔንም!» እያሉ ተንጋጉ። ጋሽ ይርዳው ሁሉንም እጃቸውን እየያዙ አስቀመጡ። ክፍል ውስጥ ተማሪ የሚያስቀምጡ መሰላቸው።

አጋዘኗ ከኋላ እየሮጠች ደረሰች። በእጇ ብስኩት ይዛለች።

«ሳይበሉማ አያልፉም። ጎንበስ ይበሉልኝ።»

«ጠግቤያለሁ የኔ እናት። ይልቅ ተራራው…»

«በሞቴ!»

«ቸኩያለሁ እኮ!»

«የአጋዘን ሞት ሞት አይደለም ማለት ነው?»

በዚህ ላይ ምን ይባላል? ጎንበስ አሉና ጎረሱ። ብስኩቱ ገለባ ገለባ ይላል። «እጅሽ ይባረክ» አሉ፣ ይሉኝታ ይዟቸው። ሁለተኛውንም አጎረሰቻቸው።

ከዚያ አንዲት ትንሽ ክፍል ውስጥ አስገባቻቸው። ጫማቸውን አውልቀው ምንጣፉ ላይ ተቀመጡ። ፊት ለፊታቸው የወረቀት ተንሸራታች በር አለ። ከበሩ ወዲያ ጥላ ነበር፤ ከታች የሰፋ፣ ወደ ላይ እየጠበበ የሚሄድ፣ አናቱ ላይ ቆረጥ ያለ። ጋሽ ይርዳው ያንን መስመር በጠመኔ ስንቴ ስለውታል!

በሩ በቀስታ ተንኳኳ።

«ማን ነው?»

«ፉጂ ነኝ። ካስቸገርኩ ሌላ ጊዜ ልመለስ።»

«ኧረ እንዴት ተደርጎ! ይግቡ እንጂ!»

«ከፊትዎ እንዴት እገባለሁ? እርስዎ ይቅደሙና ይውጡ።»

«እንዲህማ አይሆንም። በዕድሜ ይበልጡኛል፣ አንቱ ይቅደሙ።»

«ዕድሜዬን ተዉት። ተራራ ከተባለው ሁሉ እኔ ገና ጎረምሳ ነኝ።»

«እሱስ እውነት ነው፣ አስተምሬዋለሁ» አሉ ጋሽ ይርዳው። «ቢሆንም ይቅደሙ።»

«አይሆንም፣ እርስዎ።»

«አንቱ።»

ጋሽ ይርዳው ተነሥተው እጅ ነሡ። ከበሩ ወዲያ ተራራውም እጅ ነሣ፤ ከአናቱ በረዶ ሲንሸራተት ተሰማ። እሳቸው ቀና ሲሉ እሱ ጎንበስ፣ እሱ ቀና ሲል እሳቸው ጎንበስ። በሩ እንደተዘጋ ነው። አጋዘኗ ከውጭ «ሊዘጋ ነው! ክቡራን፣ ሰዓቱ ደርሷል!» ብላ ጮኸች። ጥላው ቀስ እያለ ወደ በሩ ዳር መንሸራተት ጀመረ።

«አስቸገርኩዎ» አለ ተራራው። «ልሂድ መሰለኝ።»

ጋሽ ይርዳው ወደ በሩ ተጠጉ። ይህን ሁሉ ዘመን ጠብቀው፣ ይህን ሁሉ ባሕር ተሻግረው፣ ከአንድ ወረቀት ወዲያ ሊያመልጣቸው ነው! «ይሉኝታ ገደል ይግባ!» አሉ። በሩን በሁለት እጃቸው ይዘው ወደ ጎን ሳቡት።

«አባዬ! አየኸው?»

ዓይናቸውን ገለጡ። የያዙት በር ሳይሆን የመስኮቱ መጋረጃ ነው። ወይንሸት ከፊት ወንበሯ ሮጣ መጥታ ከአናታቸው ቆማለች፤ ፊቷ በደስታ በርቷል።

«እንዴት ጥርት ብሎ ነበር! ደመና የሚባል የለ! አየኸው አይደል?»

ጋሽ ይርዳው ወደ ውጭ ተመለከቱ። ሜዳ፣ የቤት ጣሪያ፣ የኤሌክትሪክ ገመድ። ተራራ የለም።

አጠገባቸው የነበሩት ሽማግሌ ብድግ ብለው እስከ ወገባቸው ጎነበሱ። በጃፓንኛ ብዙ ተናገሩ። ወይንሸት እያዳመጠች ፊቷ ጠቆረ።

«ምን ይላሉ?»

«ተራራው ሲመጣ ሊቀሰቅሱህ እጃቸውን ዘርግተው ነበር። ግን… በእንቅልፍህ ስትስቅ አዩህና አልጨከኑም። በአካባቢያችሁ የተቀመጡትም እንዳትነቃ ብለው በሹክሹክታ ነበር የሚያወሩት። ይቅርታ ያድርጉልኝ ይላሉ። አባዬ፣ እኔም መስኮቱን ይዘሃል ብዬ እኮ ነው ያልመጣሁት!»

ጋሽ ይርዳው መጮኽ አማራቸው። እንደ ሕፃን ማልቀስ አማራቸው። ሽማግሌውን ቀና ብለው ሲያዩ ግን ሰውዬው ከእሳቸው ይልቅ ሊያለቅሱ ደርሰዋል። ከአፋቸው የወጣው «ኧረ ምንም አይደል! ደግ አደረጉ፣ እግዜር ይስጥልኝ» የሚል ነው። ተነሥተው እጅ ነሡ። ሽማግሌውም መልሰው እጅ ነሡ።

ከዚያ ሽማግሌው ስልካቸውን አውጥተው አንድ ፎቶ አሳዩአቸው። ፉጂ ተራራ መስኮቱን ሞልቶታል፤ በረዶው ያበራል። ከፊቱ ጋሽ ይርዳው አንገታቸው ወደ ኋላ ወድቆ፣ አፋቸው ተከፍቶ ተኝተዋል። ተራራው ከትከሻቸው በላይ ወደ ውስጥ አጎንብሶ የሚያያቸው ይመስላል።

ወይንሸት እንባዋ መጣ። «ደሴ ስትመለስ ‹አይተውታል?› ቢሉህ ምን ልትላቸው ነው?»

ጋሽ ይርዳው መነጽራቸውን ወልውለው ፎቶውን ደግመው አዩት።

«እኔስ አላየሁትም» አሉ። «እሱ ግን ተራው ደርሶት አይቶኝ ሄዷል።»