የኳስ አራስ

ሰው ዕድሜው ገፋ ገፋ ካለ በኋላም ኳስ ባየ ቁጥር እግሩን የሚበላው ለምን እንደሆነ እንጃ። የመሥሪያ ቤት ሰው ሳምንቱን ሙሉ ስብሰባ ላይ ሳይነቃነቅ ተቀምጦ ይከርምና፣ እሑድ ሲደርስ አንዲት ኳስ ሲያሳድድ ይውላል። እሑድስ ደስ ይላል። ክፉው ሰኞ ነው። ሰኞ ከወንበር መነሣት አለ፤ ወገብ ይዞ ማስነጠስ አለ። ከሞከራችሁት ታውቁታላችሁ።

እኔ ያን ጊዜ ወረታ መምህር ነበርኩ። ባለቤቴ አስካለ የኳሴን ነገር ታግሣ ታግሣ፣ በገና ማግስት ቁርጡን ነገረችኝ።

"ዳግመኛ እያነከስክ ብትመጣ ጫማህን ለልዋጭ ነው የምሰጠው!"

አስካለ ያለችውን ታደርጋለች። ኳስ ከተከለከልኩ ደግሞ ወረታ ላይ የሚቀረኝ ጠመኔና ግምገማ ብቻ ነበር።

ታዲያ በጥር አንዱን እሑድ እኛ መምህራን ከቁሐር ሚካኤል ገበሬዎች ጋር ግጥሚያ ያዝን። ሜዳው ሩዝ የታጨደበት ማሳ ነው፤ ክረምቱን ውሃ ተኝቶበት የከረመው መሬት ደርቆ ተሰነጣጥቋል። እነሱ ሩዝ ሲወቁ የሰነበቱ፣ እኛ ወንበር ስናሞቅ የሰነበትን፤ ውጤቱን ባልነግራችሁ ይሻላል። ጨዋታው ሊያልቅ ሲል ባቴ ተኮማተረና ተዘረርኩ። ከሕመሙ ይልቅ ያስጨነቀኝ የጫማዬ ነገር ነበር።

ተሸክመው ያስገቡኝ የግብ ጠባቂያቸው እናት፣ ወይዘሮ ጥሩንጎ ቤት ነው። ሴትዮዋ አንድ ጊዜ አየት አደረጉኝና ወደ ጓዳ ተጣሩ።

"ውይ ልጄን! ይኸማ ከአራስ በምን ይለያል? ኧረ የገብሱን ዱቄት አቀብሉኝ!"

"እማማ፣ እኔኮ ወንድ ነኝ" አልኳቸው።

"ወንድ ብትሆንስ፣ ደክሞህ የለም? ብላ፣ የኔ ጌታ!"

ጓደኞቼ በሳቅ ፈረሱ። የሳቁት ግን ገንፎው እስኪመጣ ነው። ገንፎው መሐሉ ተጎድጉዶ ቅቤና በርበሬ ሞልቶበት ሲቀርብ አንድም የሚናገር ጠፋ። ቀጥሎ ተልባ፣ ከዚያ አረፋው ያልወረደ የፎገራ ላም ወተት። ሴትዮዋን ከልቤ አደነቅኋቸው። ያሸነፈው ልጃቸው ተራውን እየጠበቀ፣ እሳቸው የተሸነፍነውን አስቀድመው ያጎርሳሉ። እንዲህ ያለ አስተናጋጅ ካለ ሽንፈትም አይከፋ! በመጨረሻ ባቴን በቅቤ አሹልኝ። ስንቷን አራስ እንዳነሡ ከእጃቸው ያስታውቃል።

ስሰናበታቸው በጨርቅ የተጠቀለለ ገበቴ አስያዙኝ።

"ነገ ጠዋት አሙቀህ ትበላለህ። አራስ ባንድ ቀን አይነሣም።"

በጋሪ ወረታ ደረስኩና ቀጥ ብዬ እየተራመድኩ ቤቴ ገባሁ። አስካለ መጀመሪያ ያየችው እግሬን ነው። ማነከስ የለም፤ ጫማዬ ተረፈ! ቀጥላ ገበቴውን ተቀበለችኝና ጨርቁን ገለጠችው። በአገራችን ገንፎ እንዲህ ተሸፍኖ ከቤት ቤት ሲሄድ ያየ ሰው የሚጠይቀው አንድ ነገር ብቻ ነው።

"ማን ወለደች?"

የሥራ ባልደረባዬ ሚስት ወለደች ልላት አሰብኩ። ግን አስካለ ወዲያው ነጠላዋን አጣፍታ አራስ ልትጠይቅ መነሣቷ ነው። ባቴም በቅቤ እያብረቀረቀ ነበር።

"እኔ" አልኳት፤ ታሪኩንም ዘረገፍኩላት።

አስካለ ስቃ ስቃ እንባዋን ጠረገች። ከገንፎው ቆንጠር አድርጋ ቀመሰችና "እጃቸው ይባረክ!" አለች። ሦስት ወልዳ ያሳደገች ናት፤ ገንፎ ታውቃለች። እኔም ነገሩ በዚህ አለቀልኝ ብዬ ጫማዬን ወደ ቦታው ልመልስ ጎንበስ አልኩ።

"ተወው" አለችኝ። "አራስ ልጁን ክርስትና ሳያስነሣ ከቤት ወጥቶ ኳስ ሲጫወት የት አይተሃል?"

ከጎነበስኩበት ቀና አልኩ።

"ለመሆኑ የወለድከው ወንድ ነው ሴት?"

የወንድ ክርስትና በአርባ ቀን፣ የሴት በሰማንያ ቀን መሆኑ ትዝ አለኝ።

"ወንድ!" አልኳት፣ አፏን ሳትዘጋ።